ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ማን አጣራው?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ብልቃጥ ነው። ከትንሽ ጣት ታንሳለች፤ ውስጧ ያለው ፈሳሽ ሁለት ሦስት ጠብታ ቢሆን ነው። ዋጋዋ ግን በመቶዎች ዶላር ይቆጠራል፤ የምትመጣውም በበረዶ ታሽጋ በአውሮፕላን ነው። ላይዋ ላይ «ፀረ አፖኤል-1 አንቲቦዲ፣ ከጥንቸል የተገኘ፣ ለምርምር ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሥራዋ አንድ ነው፤ ከሰው ደም ወይም ከሰው ኩላሊት በተወሰደ ናሙና ውስጥ አፖኤል-1 የሚባል ፕሮቲን መኖር አለመኖሩን መናገር።

«እና ምን ይሁን?» አላችሁ አይደል? ልክ ናችሁ። የኑሮ ውድነቱ፣ የመብራቱ ነገር፣ የኔትወርኩ ነገር እያለ ስለ ጥንቸል ደም የሚጽፍ ሰው ጤናውን ቢጠረጠር አይፈረድም። ግን ታገሱኝ። ነገሩ ከዚህች ብልቃጥ ተነስቶ ቢቸናና ሞጣ ይደርሳል፤ ከዚያም ተሻግሮ ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የሚነዳው የሞጣ ልጅ ጋ ይደርሳል። (ዓመቶቹን «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ።)

መጀመሪያ አሠራሩ። አንቲቦዲ ሰውነታችን እንግዳ ነገር ሲገባበት ያንን እንግዳ ለይቶ እንዲይዝለት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። ተመራማሪዎች ይህን ብልሃት ተዋሱት። የሰውን ፕሮቲን ቁራጭ ጥንቸል ወይም አይጥ ላይ ይወጋሉ፤ እንስሳው «ይሄ የእኔ አይደለም» ብሎ አንቲቦዲ ያመርታል፤ ያ አንቲቦዲ ይወሰድና ቀለም ወይም ብርሃን ይታሰርበታል። ከዚያ ናሙናው ላይ ይፈስሳል። ቀለም ከታየ ፕሮቲኑ አለ፣ ካልታየ የለም ማለት ነው። ቀላል ይመስላል። ችግሩ አንቲቦዲ ስም ማንበብ አይችልም። የሚይዘው ቅርጽ ነው። ሁለት ፕሮቲኖች በአንድ በኩል ቅርጻቸው ከተመሳሰለ ሁለቱንም ይይዛል፤ ብልቃጡ ላይ ግን የተጻፈው የአንዱ ስም ብቻ ነው።

አፖኤል-1 ደግሞ እንዲህ በዋዛ የሚታለፍ ፕሮቲን አይደለም። በ1997 ነው ከሰው ደም ተለይቶ የታወቀው። ከስብ ጋር ይጣበቃል፤ ሐኪሞች «ጥሩው ኮሌስትሮል» በሚሉት በኤችዲኤል ላይ ተሳፍሮ በደም ሥር ይዞራል። በ2003 የቤልጂየም ተመራማሪዎች ዋና ሥራውን አሳዩ። ገንዲን የሚያመጡትን ጥገኛ ተውሳኮች ይገድላል! ተውሳኩ ስብ የሚመገብ መስሎት ይውጠዋል፤ ፕሮቲኑ ውስጡ ገብቶ ሽፋኑን ይበሳዋል፤ ተውሳኩ አብጦ ይፈነዳል።

ገንዲን ለጎጃም ገበሬ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ከብቱ ይከሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ይወድቃል። ቆላ ዝንብ በሌለበት በጣና ዙሪያ እንኳ ሌሎች ተናካሽ ዝንቦች እንደሚያዛምቱት ተጠንቷል። ግን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? በሬውን የነከሰች ዝንብ ገበሬውንም ትነክሳለች፤ የሚታመመው በሬው ብቻ ነው። ከዚህ ልዩነት ጀርባ በዋናነት ያለው ይሄው አፖኤል-1 ነው። ሰው አለው፣ በሬ የለውም።

ለዚህ ማስረጃ የሆነው ደግሞ አንድ የህንድ ገበሬ ነው። በ2004 ሰው ላይ መገኘት የሌለበት፣ በግመልና በፈረስ የሚታወቅ የገንዲ ዘመድ ተውሳክ ደሙ ውስጥ ተገኘ። ሐኪሞቹ ግራ ገባቸው። ሲመረመር ከእናቱም ከአባቱም የወረሰው የአፖኤል-1 ጂን የተበላሸ ነበር፤ ደሙ ውስጥ ፕሮቲኑ ጭራሹኑ የለም። ውጤቱ በ2006 ታተመ። «የለም» ማለት የተቻለው አንቲቦዲ ስላለ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ በሌላው ሰው ደም ላይ የሚታየው መስመር በእሱ ደም ላይ ጠፋ። ይህን ሰውዬ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ኩላሊት። በ2010 አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች ከነጮች ይልቅ በኩላሊት ድካም የሚጠቁበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ታወቀ፤ ጂ1 እና ጂ2 የተባሉ ሁለት የአፖኤል-1 ለውጦች። እነዚህ ለውጦች ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ በብዛት ይገኛሉ። ጥቅም ስለነበራቸው ነው የበዙት፤ መደበኛውን አፖኤል-1 ማምከን የተማሩ የእንቅልፍ በሽታ ተውሳኮችን ይቋቋማሉ። ዋጋው ግን ኩላሊት ላይ ይከፈላል። ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ ሰው የኩላሊቱ ወንፊት የመጎዳት ዕድሉ ከፍ ይላል። ከአሜሪካ ጥቁሮች ውስጥ 13 በመቶ ያህሉ እንዲህ ናቸው።

እና እኛስ? ይሄ ጥያቄ በ2011 በታተመ አንድ ጥናት ተመልሷል። እስራኤል አገር በአንድ ትልቅ የኤድስ ማዕከል የሚታከሙ፣ የዘር ሐረጋቸው ከኢትዮጵያ የሆነ 338 ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ተመረመሩ። ኤች አይ ቪ የሚያስከትለው ያ የታወቀው የኩላሊት በሽታ፣ አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ጥቁሮችን የሚያጠቃው፣ በአንዳቸውም ላይ አልታየም። ከተለያዩ የኢትዮጵያ ሕዝቦች በተወሰደው የጂን ናሙናም ጂ1 እና ጂ2 አልተገኙም። ለምን እንደሌሉ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም፤ ግን ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ መሆናቸውን፣ ቆላ ዝንብ ደግሞ ስሟ እንደሚናገረው የቆላ መሆኗን የሚያውቅ ሰው ግምት ቢሰነዝር አይነቀፍም።

እዚህ ላይ ነው ነገሬ የሚጀምረው።

አሜሪካ ውስጥ «ጥቁር» የሚባል ሳጥን አለ፤ ቅጽ ስትሞሉ ምልክት የምታደርጉበት። እንግዲህ የሞጣው ልጅ ዲሲ ሄዶ ኩላሊቱ ታመመ እንበል። ሐኪሙ ደሙን ወስዶ ክሪያቲኒን ይለካል፤ ከዚያ ኩላሊቱ ምን ያህል እንደሚሠራ በቀመር ያሰላል። በ2009 የወጣው ቀመር «ሰውዬው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 አባዛ» ይላል። ምክንያቱ ጥቁሮች ጡንቻቸው ይበዛል የሚል ነበር። (የሞጣን ልጅ ጡንቻ ማን እንደለካ እኔንጃ።) ሒሳቡን እንሥራው። ቁጥሩ 18 ከሆነ በ1.159 ሲባዛ 20.9 ይሆናል። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ወረፋ መቆጠር የሚጀምረው ደግሞ 20 እና ከዚያ በታች ሲሆን ነው። አያችሁ? ሳጥኗ ላይ ባደረጋት አንዲት ምልክት ወረፋ ሳይያዝለት ቀረ። ጎረቤቱ ነጭ በዚያው ደም ተሰልፏል።

ሌላም አለ። አንድ የሞጣ ልጅ በአደጋ ሞቶ ቤተሰቡ ኩላሊቱን ቢለግስ፣ የለጋሽ ኩላሊት ጥራት በሚለካበት ቀመር «ጥቁር» መሆኑ ብቻ ውጤቱን ያወርደው ነበር። ለዚያኛው ጥሩ ሰበብ አላቸው፤ ከጥቁር ለጋሾች የመጣ ኩላሊት በአማካይ ቶሎ ይደክማል፣ ከዚያም ውስጥ ብዙውን ጂ1 እና ጂ2 ያብራሩታል። ግን የሞጣው ልጅ እኮ ምናልባት ጂ1ም ጂ2ም የለውም! ሳጥኑ የያዘው ቅርጽ ነው፤ የቆዳ ቀለም። ስሙ «አደጋ ያለው ጂን» ነው፣ የሚይዘው ግን ሌላ።

ፍትሐዊ ልሁን፤ ተስተካክሏል። የመባዣው ቁጥር በ2021 ከቀመሩ እንዲወጣ ተወሰነ፤ ከ2023 ጀምሮ ወረፋቸው የተጓተተባቸው ጥቁር ታካሚዎች ጊዜያቸው እንዲመለስላቸው ታዘዘ፤ የለጋሹ ቀመርም በ2024 ዘርን አስወጣ። ዲሲና አካባቢው ያላችሁ፣ ዘመድ በዲያሊሲስ ላይ ያላችሁ ሰዎች «ወረፋው ተስተካክሎለታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወንድሟ ኩላሊት ልትለግስ የተዘጋጀች እህትም «ጥቁር ስለሆንሽ» የሚል መልስ ቢመጣባት ጂኔን መርምሩልኝ የማለት መብት አላት። ምርመራው አለ።

ግምት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቢቸናና ሞጣ ከሩቅ በሚመጣ ገማች ሲሰፈሩ የመጀመሪያቸው አይደለም። አዲስ የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ገማቾች ገበሬው ማሳ ድረስ ሄደው ምርቱን በዓይን እንዲተምኑ ያዝዝ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም አመጸ፤ ቢቸና፣ ሞጣና ዳሞት ዋና ዋናዎቹ የአመጽ ቦታዎች ነበሩ። መንግሥት በአውሮፕላን እስከ መደብደብ ደርሷል፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሱ፣ ውዝፉም ግብር ቀረ። የዚያን ጊዜ ገበሬ ከግብሩ ባልተናነሰ ያንገበገበው «ሳይለኩኝ ገመቱኝ» የሚለው ይመስለኛል። ርስትም ሆነ ኩላሊት፣ በዓይን ግምት ሲሰፈር ያው ነው።

ወደ ብልቃጧ ልመለስ። አፖኤል-1 ብቻውን አይደለም፤ አምስት ዘመዶች አሉት፣ እስከ አፖኤል-6፣ ሁሉም በአንድ ሰፈር፣ 22ኛው ክሮሞዞም ላይ። በጣም የሚመስለው አፖኤል-2 ነው። ጂ1 እና ጂ2 ከታወቁ በኋላ ዓለም ሁሉ «ይህ ፕሮቲን ኩላሊት ህዋስ ውስጥ የት ተቀምጦ ነው ጉዳት የሚያደርሰው?» ብሎ ሩጫ ጀመረ። አንዱ እዚህ ነው አለ፣ ሌላው እዚያ። በ2020 የጄነንቴክ ኩባንያ ተመራማሪዎች እዚህ ውዝግብ ውስጥ የገቡት ከዜሮ ጀምረው ነው። ብዙ አዳዲስ አንቲቦዲዎች ሠርተው አንድ በአንድ ፈተኑ። ያወጡት ጽሑፍ ሌላ ነገርም ተናገረ፤ እስከዚያ ድረስ ገበያ ላይ የነበሩትና ለቀደሙት ጥናቶች ያገለገሉት አንቲቦዲዎች አፖኤል-2ንም ይይዙ ነበር። በሌላ አነጋገር በማይክሮስኮፕ ሥር የበራው ብርሃን ሁሉ የማን እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም ነበር። በአዲሶቹ ሲታይ አፖኤል-1 በአብዛኛው በህዋሱ የውስጥ መረብ ውስጥ፣ ጥቂቱም በህዋሱ ሽፋን ላይ ተገኘ።

ይህ የአፖኤል-1 ብቻ ዕዳ መስሏችሁ እንዳትጽናኑ። በ2023 ይፋ የሆነ አንድ የካናዳና የሌሎች አገሮች ተመራማሪዎች ሥራ በ65 ፕሮቲኖች ላይ 614 የገበያ አንቲቦዲዎችን ጎን ለጎን ፈተነ። ለእያንዳንዱ ፕሮቲን በአማካይ 12 ያህል የታተሙ ጽሑፎች የተመሠረቱት ፕሮቲኑን ጨርሶ በማይይዝ አንቲቦዲ ላይ ሆኖ ተገኘ። ሰዎቹ የፈተኑት እንዴት መሰላችሁ? ጂኑ የተነቀለበት ህዋስ አዘጋጁ። ፕሮቲኑ እንደሌለ እየታወቀ ቀለም ከታየ አንቲቦዲው ዋሽቷል። በቃ። የህንዱ ገበሬ እኮ ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀችው እንዲህ ያለ ናሙና ነው፤ የእሱ ደም ላይ የሚበራ «ፀረ አፖኤል-1» ሌላ ነገር ነው የያዘው።

አንድ የማስተርስ ተማሪ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ላይ ሪኤጀንት ለማግኘት የሚያየውን ፍዳ አስቡ። የውጭ ምንዛሪ፣ ጉምሩክ፣ በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ። ሀብታም ላቦራቶሪ አንዱ አንቲቦዲ ቢከዳው ሦስት ሌላ ያዛል። የእኛ ልጅ አንዷን ብልቃጥ ይዞ ነው መመረቂያውን የሚጽፈው። ስለዚህ ለእሱ ማጣራት ቅንጦት ነው የሚሉኝ አሉ። እኔ ተገላቢጦሹን ነው የማየው። ብሩ የሌለው ሰው ነው ሳይገዛ በፊት መጠየቅ ያለበት፤ ጂኑ በተነቀለበት ህዋስ ላይ የተደረገ ፈተና ካለ ሻጩ ያሳየው፣ ካላሳየ አይግዛ። የ614ቱ ፈተና ውጤትም ለሁሉም ክፍት ነው፣ በነጻ ይወርዳል።

ደግሞ አንችልበትም እንዳትሉኝ፤ ችለን እናውቃለን። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ እግር የሚያሳብጠውን ዝሆኔን ተመልከቱ። አንድ እብጠት ነው፣ ስሙም አንድ፤ ምክንያቱ ግን ሁለት ሊሆን ይችላል። አንዱ ትንኝ የምታስተላልፈው ትል ነው። ሌላው ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት ከመሄድ የሚመጣው ነው። ለአንዱ የሚሰጠው ክኒን ለሌላው አይረዳም። በ2013 በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ ጥናት በ1,315 ቀበሌዎችና መንደሮች ወደ 130,000 የሚጠጋ ሰው ታየ፤ እግሩ ያበጠ ሰው ደግሞ ደሙ ውስጥ የትሉ አሻራ መኖር አለመኖሩ በአንቲቦዲ ምርመራ ጭምር ተጣራ። በደጋው ጎጃም የገበሬውን እግር የሚያሳብጠው አፈሩ ነው፤ መድኃኒቱም ጫማ፣ ሳሙናና ውሃ። ያበጠውን ሁሉ በአንድ ስም ጠርተን ቢሆን ኖሮ ስንቱን ሰው ባልያዘው ትል ስናክመው እንኖር ነበር!

አሁን ደግሞ ሁለት ሰው ሊያኮርፈኝ ነው። «ኢትዮጵያውያን መጥፎው ጂን የላቸውም» ብዬ ስጽፍ አንዳንዱ ደረቱን ነፋ አድርጎ «ድሮስ እኛ…» ሊል እንደሚነሳ አውቃለሁ። ቁጭ በል ወንድሜ። «ሐበሻ»ም ሌላ ሳጥን ነው። ከደጋ ሰው የተወሰደ ናሙና ለአኙዋኩና ለኑዌሩ ምስክር አይሆንም። የሰው እንቅልፍ በሽታ አገራችን ውስጥ መኖሩ የታወቀው በ1967 በጊሎ ወንዝ አካባቢ ነው፣ ጋምቤላ ውስጥ። ከረጅም ዝምታ በኋላ በ2022 በደቡብ እንደገና ታይቷል። እዚያ የሚኖረው ሕዝብ ደም ውስጥ አፖኤል-1 ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ የሚቻለው እዚያው ተሂዶ ሲመረመር ነው። «ጥቁር» የሚለውን ሰርዘን «ኢትዮጵያዊ» ብለን ብንጽፍበት ሳጥኑ ያው ሳጥን ነው።

ሁለተኛው የሚያኮርፈኝ ደግሞ «እንግዲያው ኩላሊታችን ጤነኛ ነው» የሚለው ነው። ጂ1 አለመኖሩ የደም ግፊትን አያስቀርም፤ ስኳርንም፣ በጉሮሮ ቁስል የሚጀምረውን የልጆች የኩላሊት ብግነትንም አያስቀርም። ንቅለ ተከላ አገራችን ውስጥ የተጀመረው በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ ለጋሹም የቅርብ ዘመድ መሆን ነበረበት። ከሞጣ አዲስ አበባ ድረስ ታማሚም ለጋሽም ይዞ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ የሞጣ ሰው ይንገራችሁ። ለቢቸና ጤና ጣቢያ ማንም «አፖኤል-1 ለካ» አይለውም፤ ማለትም የለበትም። ሽንት ውስጥ የምትነከረው ባለቀለም ወረቀትና የግፊት መለኪያው ይበቃሉ። ወረቀቷም ግን ያቺው የብልቃጧ ዘመድ ናት። ጊዜዋ አልፎ፣ ወይም ክዳኑ ተከፍቶ እርጥበት ገብቶባት ከሆነ የምትናገረው ነገር አይታመንም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቀን አይቶ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ አንድ ጠንቃቃ የላቦራቶሪ ባለሙያ እዚያ ካለ፣ ከጄነንቴክ ሰዎች ጋር አንድ ሥራ ላይ ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፍ የምትዘጋጁ አንባቢዎቻችን ካላችሁ ልመናዬ ትንሽ ነው። ስለ ዘዴው በምትጽፉበት ምዕራፍ «አንቲቦዲ ተጠቅመናል» ብላችሁ አትለፉ። የማን ምርት እንደሆነ፣ የካታሎግ ቁጥሩን፣ የምርት ዙር ቁጥሩን ጻፉ፤ ፕሮቲኑ በሌለበት ናሙና ላይ ያነሳችሁትን ባዶ ፎቶም አስገቡ። አማካሪያችሁ «ባዶ ፎቶ ምን ያደርጋል?» ካሏችሁ የህንዱን ገበሬ ንገሯቸው።